የጎበጠው በርሜልና ያጠረው መድፍ፦ ስለ ሬዚን ሞዴሎች ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዕትም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ያሉትን መድፎች፣ ታንኮችና ብረት ለበስ መኪናዎች የሚመለከቱ ጥያቄዎችን መርጠናል። ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁትን በአንድ ላይ መልሰናል። ሬዚን የምንለው ፈሳሽ ሆኖ በላስቲክ ፎርማ ውስጥ ተጨምሮ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው፤ ኪት ደግሞ ገጣጥመው የሚሠሩት በሳጥን የሚሸጥ ሞዴል። 1/35 ማለት ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ ዓ.ም. እንላለን።

«በ1/35 የተሠራ የፈረንሳይ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ የ1897 ሞዴል፣ ገዛሁ። በርሜሉ እንደ ሙዝ ጎብጧል። የፕላስቲክ ሞዴል የማጣብቅበት ሙጫም አልይዝ አለ። ኪቱ የተበላሸ ይሆን?» — አንባቢ ከአዲስ አበባ

አልተበላሸም። ሙጫውን እናስቀድም። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ የሚሠራው ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ አሟሙቶ ሁለቱን ገጽ እርስ በርስ በማዋሐድ ነው። የእርስዎ ኪት የተሠራበት ሬዚን ግን ፖሊዩሬቴን የተባለ ሌላ ዓይነት ነው። ያ ሙጫ ፖሊዩሬቴንን አያሟሟም፤ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ሲነኩትም ይለቃል። ለሬዚን የሚሆኑት ሁለት ናቸው፦ ለትናንሽ ክፍሎች ሱፐር ግሉ፣ ክብደት ለሚሸከም መገጣጠሚያ ደግሞ በሁለት ቱቦ ተሽጦ እኩል በእኩል የሚደባለቀው ኢፖክሲ።

በርሜሉ የጎበጠው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው። ሬዚኑ ጨርሶ ሳይጠና ከላስቲክ ፎርማው ከወጣ፣ ወይም ጠንቶም ቢሆን በጉዞ ላይ በሙቀት ከተጨነቀ ይጎብጣል። የሚያጎብጠው ሙቀት መልሶ ያቃናዋል። ውሃ አፍልተው ሰፊ ሳህን ውስጥ ይገልብጡ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሱ። በርሜሉን በወረንጦ ይዘው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይንከሩት። ካወጡት በኋላ በጣት ለማቃናት አይሞክሩ፤ ጣት በተጫነበት ቦታ ሁሉ አዲስ ጉብጠት ይፈጠራል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አድርገው፣ ከላይ በሌላ ጠፍጣፋ ነገር እየገፉ እንደ እርሳስ ያንከባሉት። ሲቃና እንደተያዘ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። በአንድ ጊዜ ካልተቃና ይድገሙት። ሳይለሰልስ በጉልበት የተቃና በርሜል መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል።

አሁን ይለኩት። ይህን ማንም እንዳይዘልለው እንለምናለን፤ ብዙ ኪት ከሳጥኑ ሲወጣ ያምርና ሲለካ ነው ጉዱ የሚታየው። የ1897ቱ መድፍ በርሜል ርዝመት 36 ካሊበር ነው፤ ማለትም የውስጥ ስፋቱ 36 እጥፍ። 75 ሲባዛ በ36፣ 2,700 ሚሊ ሜትር። ለ35 ሲካፈል 77 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአፈሙዙ ቀዳዳ ደግሞ 75 ለ35 ሲካፈል 2.1 ሚሊ ሜትር ነው። በርሜልዎ 76 ከሆነ ግድ የለም፤ ሬዚን ሲጠነክር ትንሽ ይኮማተራል። 74 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ኪቱ ከሌላ ኪት ላይ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ግልባጭ በተገለበጠ ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳልና። እንዲህ ከሆነ ጋሻውንና ጎማዎቹንም ይለኩ። ሁሉም በአንድ ዓይነት መጠን ካነሱ ሞዴሉ እርስ በርሱ ይስማማል፣ እንዳለ ይሥሩት። በርሜሉ ብቻ ካጠረ በነሐስ ቱቦ ይተኩት።

በሚተኩበት ጊዜ አንድ ነገር እንዳይጠፋ። በዚህ መድፍ አፈሙዝ ሥር ሁለት ትናንሽ ተሽከርካሪዎች አሉ። በርሜሉ ተኩሶ ወደ ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ሲያፈገፍግ አፈሙዙን በሐዲዱ ላይ የሚደግፉት እነሱ ናቸው። ይህን መድፍ ከሩቅ የሚለየው ያ ጫፍ ስለሆነ፣ ከሬዚኑ በርሜል ላይ በቀጭን መጋዝ ቆርጠው ከአዲሱ ቱቦ ጋር ያጋጥሙት። መሐሉን ለማግኘት በአንዱ ገጽ መሐል ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ያኑሩና ሌላውን ገጽ ይጫኑበት። ቀለሙ ያተመበት ላይ በ0.6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በእጅ ሰርስረው፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ በሁለቱም በኩል 4 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲገባ ያድርጉ። የቀዳዳው ትርፍ ስፋት ኢፖክሲው ሳይደርቅ በርሜሉን አሽከርክሮ ለማስተካከል ይረዳል።

«ያቃናሁት በርሜል ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ተንጠለጠለ። ሱፐር ግሉውም ገና ሳላስተካክል ይደርቅብኛል።» — አንባቢ ከአቡ ዳቢ

ሁለቱም ከቦታው አየር ጋር የተያያዙ ናቸው። ሬዚን በፈላ ውሃ በደቂቃ የሚሆነውን በለዘብተኛ ሙቀት በወራት ይሆናል። በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ በርሜል፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ከቆመ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ ከረሱት ደግሞ ወራት አያስፈልገውም። መፍትሔው አጥንት ማስገባት ነው። በርሜሉን እንደገና ካቃኑት በኋላ ከታችኛው ጎኑ በቀጭን ሞረድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦይ ያውጡለት፤ 0.8 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ በኢፖክሲ አጋድመው ስቱኮ ይሙሉበት። ከበርሜሉ ሥር ሐዲድ ወይም የማፈግፈጊያ ሣጥን ስለሚኖር ጠባሳው አይታይም።

ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ነው። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ እርጥበት ስለሚበዛ ቶሎ ይይዛል። በተቃራኒው በደጋ አገር፣ በበጋው ደረቅ አየር፣ እጅ ላይ ይዘገያል፤ እዚያ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጊዜ ተንፍሶ መጫን ይበቃል። እርስዎ ጄል የሚባለውን ወፍራሙን ዓይነት ይግዙ፤ የተከፈተውን ጠርሙስ ከጫማ ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ያስቀምጡ። ማስተካከል የሚጠይቅ ነገር ሲኖር ግን ሱፐር ግሉን ይተዉትና በኢፖክሲ ይሥሩ።

«ከሳጥኑ ላይ ማርክ 1 ታንክ ይላል። መድፎቹ ግን ፎቶ ላይ ከማያቸው አጠሩብኝ። ልኬቱ 1/72 ነው።» — አንባቢ ከሐዋሳ

ዓይንዎ አልተሳሳተም። ሳጥን ውስጥ የገባልዎት የማርክ 4 መድፍ ይመስላል።

ማርክ 1 እንግሊዞች መስከረም 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር፣ ፍሌር ኩርስሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰለፉት ታንክ ነው። «ወንድ» የሚባለው በሁለት ጎኑ አንድ አንድ 57 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው፤ «ሴት» የሚባለው መትረየስ ብቻ። የማርክ 1 መድፍ 40 ካሊበር ነው፦ 57 በ40፣ 2,280 ሚሊ ሜትር፤ በ1/72 ወደ 32 ሚሊ ሜትር። ይህ ረጅም በርሜል ታንኩ ምሽግ ሲሻገር ጭቃ ይወጋ፣ ከዛፍና ከፍርስራሽ ይጋጭ ስለነበር በማርክ 4 ላይ 23 ካሊበር ባለው ተተካ። 57 በ23፣ 1,311 ሚሊ ሜትር፤ በ1/72 18 ሚሊ ሜትር። የእርስዎን ይለኩና ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ይዩ። ሲለኩ ከጎን ሣጥኑ (መድፉ ከተተከለበት፣ ከታንኩ ጎን ከወጣው የብረት ሣጥን) የወጣውን ብቻ ሳይሆን ውስጥ የሚቀረውንም ማሰብ አለብዎት፤ ኪቶች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት የሚታየውን ክፍል ነው። ስለዚህ ከራሱ ከመድፉ ይልቅ ከታንኩ ጎን በተነሣ ፎቶ ላይ የበርሜሉን ርዝመት ከጎን ሣጥኑ ርዝመት ጋር ማወዳደር ይሻላል።

መድፉ ብቻ ከሆነ የተሳሳተው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ 0.8 ሚሊ ሜትር የውስጥ ቀዳዳ ያለው የነሐስ ቱቦ ይቆርጣሉ። የጎን ሣጥኑ ራሱ የማርክ 4 ከሆነ ግን ያስቸግራል። የማርክ 4 ሣጥን ታንኩ በባቡር ሲጫን ወደ ውስጥ እንዲገፋ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ የማርክ 1 ግን ተፈትቶ ለብቻው ይጫን የነበረ ትልቅ ሣጥን ነው። እንዲህ ሲሆን ሻጩን ትክክለኛውን ክፍል ይጠይቁ፤ ኪቱን ማርክ 4 ነው ብሎ ለመጨረስም ብዙ መለወጥ ያስፈልጋል።

ከኋላው ያለውን ጅራት አይርሱ። ሁለት ጎማ ያለው የመሪ ጅራት በፍሌር የነበሩት ማርክ 1ዎች ምልክት ነው። ብዙ ስላልጠቀመ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ተነሣ። በ1917 የአራስ ውጊያ ላይ ያለ ማርክ 1 ሊሠሩ ካሰቡ ጅራቱን ይተዉት። ቀለሙም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ሠዓሊው ሰሎሞን ጄ. ሰሎሞን ባወጣው ዘዴ በብዙ ቀለም ዥንጉርጉር ተቀብተው ነበር፤ ከጭቃው በታች ምንም ስላልታየ ወዲያው በአንድ ወጥ ቡናማ ተተካ። ስለዚህ ዥንጉርጉሩ ከጅራት ጋር ይሄዳል፣ ወጡ ቡናማ ካለ ጅራት ጋር።

ጣሪያው ላይ የእጅ ቦምብ እንዳያርፍ የተሠራው የሽቦ መረብ በሬዚን ሊወጣ አይችልም፤ ወፍራም ሆኖ የሚቀርብልዎትን ይጣሉት። የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ባለ ስድስት ጎን ነው፤ የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበት ቱል ጨርቅም እንዲሁ። ለ1/35 ቱል በጣም ተስማሚ ነው። ለ1/72 ግን ቀዳዳው ስለሚሰፋ ከስስ የሴት ስቶኪንግ ቢቆርጡ ይሻላል። ክፈፉን ከ0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሠርተው፣ ጨርቁን ወጥረው በቀጭኑ ሱፐር ግሉ ያጥቡት፤ ሲደርቅ ትርፉን በምላጭ ይከርክሙ።

«ቀለም ቀብቼ የቀለም ቴፑን ሳነሣ ከነፕራይመሩ (ከቀለም በፊት ከሚረጨው መነሻ ቅብ ጋር) ተላጦ መጣ።» — ሦስት አንባቢዎች

ያልታጠበ ሬዚን ነው። ሬዚኑ ከፎርማው እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ላዩ ላይ ቀርቷል። ክፍሎቹን ከማፍሰሻ ጉቷቸው (ሬዚኑ ወደ ፎርማው ሲፈስ ከቀረው ትርፍ) ሳይቆርጡ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ፤ ትናንሾቹን የሻይ ማጥለያ ውስጥ አድርገው። ውሃው መሞቅ የለበትም፤ ጋሻ የሚያህል ስስ ነገር ይጣመማል። ሌሊቱን ይድረቁ። ፕራይመሩን ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሁለት ስስ ዙር ይርጩና አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። አክሪሊክ ቀለም ያለ ፕራይመር በሬዚን ላይ በጥፍር ይነሣል። አሁን የተላጠውን ለመጠገን አይሞክሩ፤ የላላው ሁሉ ተነሥቶ ታጥቦ ከመጀመሪያው መቀባት አለበት።

«የእንግሊዝ 18 ፓውንደር መድፍ አንዱ ጎማ ሦስት ዘንጎቹ ተሰብረው መጣ። ሁለቱ ጎማዎችም ሲገጠሙ መድፉ ይንጋደዳል።» — አንባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የጎማው ቁመት 1.42 ሜትር ነበር፤ በ1/35 ከ40 እስከ 41 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በመጀመሪያ ሁለቱን ጎማ በካሊፐር (ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያ) በተለያየ አቅጣጫ ይለኩ። አንዱ በአንድ በኩል 40፣ በሌላው 39 ካሳየ እንቁላል ሆኗል ማለት ነው፤ መንጋደዱም ከዚያ ነው። በሙቅ ውሃ አለስልሰው 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ካርቶን ቀድደው ባበጁት ቀዳዳ ውስጥ ያቀዝቅዙት።

የእንጨት መድፍ ጎማ ጠፍጣፋ አይደለም። ዘንጎቹ ከመሐሉ እምብርት ወደ ውጭ በትንሹ ያዘነብላሉ፤ ጎማው ከጎን ሲታይ እንደ ጥልቅ ያልሆነ ሳህን ነው። ሳህኑ ወደ ውጭ ይከፈታል። ብዙዎች ገልብጠው ይገጥሙትና መድፉ ለምን እንደማያምር ይጨነቃሉ። የተሰበሩትን ዘንጎች ሲተኩም ይህን ዘንበልታ ይጠብቁ፦ ደህናውን ጎማ ፕላስቲሲን ላይ በጀርባው ተጭነው አሻራውን ያውጡ፣ የተሰበረውን በዚያ አሻራ ላይ ያስተኙ። ከፕላስቲክ ዘንግ የተቆረጡትን አዳዲሶች በአሻራው መሠረት ያስገቡ። ዘንግ ከእምብርቱ አጠገብ ወፍራም፣ ወደ ጠርዙ ቀጭን ነው፤ ከመግባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ያሹሉት።

ለመሙያ ሱፐር ግሉን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር የሚደባልቁ አሉ። ወዲያው ይጠነክራል፣ ግን ከሬዚኑ በላይ ይጠነክራል፤ ሲሞርዱት ዙሪያው ያለው ሬዚን ይበላና እሱ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። በሕፃን ፓውደር ቢደባልቁት ለሞረድ ይገዛል። ያንንም ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞርዱት።

የዚህ መድፍ የማፈግፈጊያ ሲሊንደር ከበርሜሉ በላይ ሲሆን ለመከላከያ ዙሪያውን ገመድ ይጠመጠምበት ነበር። በሬዚን የተቀረጸው ገመድ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው። ሞርደው አጥፍተው የስፌት ክር ጥቅጥቅ አድርገው ይጠምጥሙበት፤ ክሩን በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ካጠገቡት ጸጉሩ ይተኛል።

«የጀርመን 42 ሴንቲ ሜትር መድፍ፣ ትልቋ በርታ፣ በየትኛው ልኬት ይሻለኛል? ቦታ የለኝም።» — አንባቢ ከኔታንያ

በነሐሴ 1914 በቤልጂየም የሊዬዥን ምሽጎች የመታችው መድፍ በርሜሏ 12 ካሊበር፣ ማለትም 5 ሜትር ነው። በ1/35 በርሜሉ ብቻ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1/72 7። ጎማዎቿን ዙሪያውን የታጠቁት ሰፋፊ ሰሌዳዎች በ1/72 ከጎማው ጋር አብረው ይፈሳሉ፤ በ1/35 እያንዳንዱ ለብቻው ተቆርጦ፣ ጸድቶ፣ ተሰልፎ የሚለጠፍ ነው። በ1/72 ይሥሩ።

«ከደምበጉይና ውጊያ አንድ ትዕይንት መሥራት እፈልጋለሁ። የጣሊያን ትንሿን ታንክ ኪት አግኝቻለሁ፤ ሲቪ 33 ይሁን ሲቪ 35 አላወቅሁም።» — አንባቢ ከባሕር ዳር

መልካም ሐሳብ ነው፤ የራሳችን ታሪክ በዚህ ሙያ ገና አልተነካም። የራስ እምሩ ጦር ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ላይ የገጠመው እነዚህን ባለ ሁለት ሰው ታንኮች ነው። ርዝመቷ 3.2 ሜትር፣ ቁመቷ 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/35 91 በ37 ሚሊ ሜትር። አንድ ሰው አጠገቧ ሲቆም ደረቱ ላይ ትደርሳለች። ይህን ካላሳዩ ትዕይንቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የሚጠቀሙባቸው የሰው ቅርጾች ቁመት በ1/35 ከ48 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይለኩ።

መሣሪያውን ይዩ። የመጀመሪያዎቹ ሲቪ 33ዎች አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበራቸው፤ ኋላ የመጡት ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት 8 ሚሊ ሜትር መትረየሶች አሏቸው። የሲቪ 35 የላይኛው ብረት በብሎን የታሰረ ስለሆነ የብሎን ራሶቹ በረድፍ ይታያሉ። መትረየሱ ከአካሉ ፊት ላይ የተተከለ ነው፤ የሚዞር ማማ የላትም። ተኳሹ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ጥቂት ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ ጨርሶ አይተኩስም። ለትዕይንቱ አቀማመጥ ቁልፉ ይህ ነው። ተዋጊዎቹን ከፊቷ ደርድረው ካቆሙ ውጊያው አልገባዎትም፤ ከጎንና ከኋላ፣ ከድንጋዩ ሥር የሚወጡ ያድርጓቸው።

በኪቱ ላይ የጎደሉ ብሎኖች ካሉ ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየቆረጡ በቀጭን ብሩሽ በተነካ ሱፐር ግሉ ይትከሉ። ሰንሰለቱ በሬዚን ቀጥ ብሎ ከመጣ ለብ ባለ ሳይሆን በሙቅ ውሃ አለስልሰው በጎማዎቹ ላይ እንደሞቀ ይጠምጥሙት፤ መጀመሪያ ከታች መሬት የሚነካውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ጥርስ ጎማ። ቀዝቅዞ ቅርጹን ከያዘ በኋላ አውልቀው ለብቻው ይቀቡት።

መድፍ መጨመር ካሰቡ 65/17 የተባለውን የተራራ መድፍ ይፈልጉ። የ1913 ሞዴል ነው፤ ተፈታትቶ በበቅሎ ይጫናል፣ በዚያ ጦርነትም አገልግሏል። በርሜሉ 17 ካሊበር፣ 1,105 ሚሊ ሜትር፤ በ1/35 31.6 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 1.9።

«የሬዚን አቧራ በእርግጥ ይጎዳል ወይስ የተጋነነ ነው? በ3ዲ ማተሚያ የሚሠራውስ?» — አንባቢ ከአዳማ

ይጎዳል፤ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል። ፊትን በሻርፕ መሸፈን አያድንም፤ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የተባለውን ጭንብል ያድርጉ። ከዚያ የሚበልጠው አቧራው እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ውሃ የማይፈራውን የብርጭቆ ወረቀት፣ ለመጀመሪያው 400 ቁጥር፣ ለማለስለሻው 800፣ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ እየነከሩ ይሠሩ። ትልቁን የማፍሰሻ ጉቶ ሲጋዝዙም በየጊዜው ውሃ ያንጠባጥቡበት።

በ3ዲ ማተሚያ የወጣው ሬዚን በብርሃን የሚጠነክር ሌላ ዓይነት ነው። ከላይ የጻፍነው የሙቅ ውሃ ዘዴ በእሱ ላይ እንደዚያ አይሠራም፤ አንዳንዱ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱ ይሰበራል። መጀመሪያ ከድጋፍ ዘንጎቹ አንዱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ያጥፉት። ላዩ የሚያጣብቅ ከሆነ በደንብ አልጠናም፤ በጓንት ይያዙት፣ በአልኮል አጥበው ፀሐይ ላይ ያውሉት፣ እስኪደርቅም ሞረድ አያስነኩት። የሞረዱበትን ውሃ ወደ ዕቃ ማጠቢያ አይድፉ፤ አቧራው እስኪዘቅጥ አሳድረው ላዩን አጥልለው፣ ዝቃጩን በወረቀት ጠርገው ይጣሉ።